ኦቨርድራፍት፣ የጊዜ ብድር፣ ዱቤ ወይስ ዕቁብ? ለትንሽ ነጋዴ የቱ ይረክሳል

ሰኔ 30 ሲቃረብ የሂሳብ ሠራተኛ በር ይጨናነቃል። በዚያ ሰሞን አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ የ12 ወር የባንክ ስቴትመንታቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡና «ልጄ፣ ይሄ ኦዲ (ኦቨርድራፍቱ) ሊጨርሰኝ ነው፤ ልዝጋው?» አሉኝ። ወለዱ በመቶ ስንት እንደሆነ ያውቁታል። በዓመቱ ስንት ብር እንደወሰደባቸው ስጠይቃቸው ግን «መቶ ሺህ ይሆናል» አሉ። አንድ በአንድ እያሰመርን ስንደምረው ከ170,000 አለፈ።

እንዲህ ያለ ነገር የሚያጋጥመኝ በእሳቸው ብቻ አይደለም። ኦቨርድራፍት ውድ ነው ወይስ ርካሽ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ውሉ ላይ ካለው የወለድ መጠን ይልቅ ገንዘብዎ በሂሳቡ ውስጥ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ነው። አንዱ ብድር ለጎረቤትዎ የረከሰውን ያህል ለእርስዎ ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ አማራጮቹን በቁጥር እናስተያያቸው። ለስሌቱ 18 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ይዣለሁ። ምሳሌ ነው፤ እርስዎ የውልዎን ቁጥር ይተኩበት።

ኦቨርድራፍት ምን ምን ያስከፍላል?

ኦቨርድራፍት ተንቀሳቃሽ ሂሳብዎ ከዜሮ በታች እስከ ተፈቀደው ጣሪያ እንዲወርድ የሚፈቅድ ብድር ነው። ወለዱ የሚታሰበው በየቀኑ ማታ ባለው ዕዳ ላይ ሲሆን በወር አንድ ጊዜ ከሂሳቡ ይነሳል። የ1,000,000 ብር ጣሪያ ኖሮዎት ዛሬ ማታ 200,000 ብቻ ወስደው ካደሩ፣ የዛሬው ወለድ የ200,000 ነው፤ 98 ብር ከ63 ሳንቲም። ነገ ጠዋት መልሰው ካስገቡ እዚያው ያበቃል። የኦቨርድራፍት ውበቱ ይሄ ነው።

ችግሩ ቢጠቀሙበትም ባይጠቀሙበትም የሚከፈሉት ናቸው፦ የብድር ማስተናገጃ ክፍያ፣ የንብረት ግምት፣ ባንኩ ተጠቃሚ ሆኖ የሚመዘገብበት ኢንሹራንስ፣ የመያዣ ምዝገባ፣ ከዚያ በየዓመቱ እድሳት። ባልተጠቀሙበት የጣሪያው ክፍል ላይም የሚያስከፍል ባንክ አለ። በአገልግሎት ክፍያዎቹ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል፤ ወለዱ ላይ አይታከልም። ስለዚህ ባንኩ ዝርዝሩን ሲነግርዎ «ከታክስ በፊት ነው በኋላ?» ብለው ይጠይቁ።

ሦስተኛው ዓይነት ቅጣት ነው። ከጣሪያ ማለፍ፣ ጊዜው ባለፈ ጣሪያ መጠቀም፣ ቼክ ተመላሽ ማድረግ። ስለዚህኛው በኋላ እመለሳለሁ፤ የራሴ ጠባሳ አለበት።

እንግዲህ ቋሚው ወጪ በዓመት 20,000 ብር ነው እንበል። ነጋዴው ዓመቱን በአማካይ 350,000 ብር ከተጠቀመ ወለዱ 63,000፣ ከቋሚው ጋር 83,000 ይሆናል። ይህ ለተጠቀመበት ገንዘብ 23.7 በመቶ ማለት ነው። አማካይ አጠቃቀሙ 100,000 ብቻ ከሆነ 18,000 እና 20,000 ተደምሮ 38,000 ይመጣል፤ 38 በመቶ! ውሉ አሁንም 18 ይላል። «ለክፉ ቀን ይቀመጥልኝ» ብለው ትልቅ ጣሪያ የሚያስፈቅዱ ሰዎች የሚከስሩት እዚህ ላይ ነው።

ሂሳቡ ይተነፍሳል?

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይሥሩ። የ12 ወር ስቴትመንት ያውጡና በየወሩ ዕዳው ዝቅ ያለበትን ቀን ያስምሩበት። በዓመቱ ውስጥ ዕዳው ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ ተጠግቶ ያውቃል?

የሚያውቅ ከሆነ፣ ማለትም ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ሸቀጥ ሲገዙ ወርዶ ሲሸጡ የሚመለስ ከሆነ፣ ኦቨርድራፍት ለእርስዎ የተሠራ ነው፤ ብዙ አይጨነቁ። የእኚያ ባለሱቅ ግን ዓመቱን ሙሉ ከ600,000 በታች አልወረደም። በ600,000 እና በ1,000,000 መካከል ይወጣል ይወርዳል እንጂ፣ ታችኛው 600,000 ጉሮሮ ላይ እንደቆመ አጥንት ነው። ያ ገንዘብ ኦቨርድራፍት መሆኑ ቀርቷል። መደርደሪያ ላይ ያለ ቆርቆሮና ቀለም፣ ሱቁን ሲያሳድሱ የወጣ ወጪ ሆኗል።

የተጣበቀ ዕዳ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት 1,000,000 ብር ሦስት ዓመት ሙሉ ጣሪያው ላይ ቢቆም እንበል። ወለዱ በየወሩ 15,000 ነው። በሦስት ዓመት 540,000 ይከፈላል፣ እድሳቱ ሦስት ጊዜ 60,000፤ በድምሩ 600,000 ብር ወጥቶ ዕዳው ያው 1,000,000 ነው። ያንኑ ገንዘብ በዚያው 18 በመቶ በሦስት ዓመት የጊዜ ብድር፣ ማለትም በየወሩ እኩል እየተከፈለ በሚያልቅ ብድር፣ ቢወስዱት ደግሞ ወርሃዊው ክፍያ 36,152 ብር ገደማ፣ የሦስት ዓመቱ ወለድ 301,500 ገደማ ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ዕዳ የለም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ይሄ ነው፦ በየወሩ የሚነሳው 15,000 ከ36,152 ይልቅ ቀላል ይመስላልና።

ወለዱን ራሱን ካላስገቡለት ደግሞ በዋናው ዕዳ ላይ ይደመርና ወለድ ይወልዳል። በወር 1.5 በመቶ እየተደራረበ ዓመቱ ሲሞላ 18 የነበረው 19.56 ይሆናል። ያም ብቻ አይደለም፤ በብሔራዊ ባንክ የብድር ምደባ ደንብ መሠረት የሚገባው ገንዘብ ለ90 ተከታታይ ቀናት የተደመረውን ወለድ እንኳ መሸፈን ካቃተው ብድሩ ከጤነኞቹ ተርታ ይወጣል። ይህ በብድር መረጃ ማዕከሉ ውስጥ ይመዘገባል፤ ነገ ሌላ ባንክ ሲሄዱ ያየዋል።

የጊዜ ብድር ግን ለሁሉም መልስ አይደለም። የወር ክፍያው ሽያጭ ይኑር አይኑር አያውቅም። ዝናብ ግንባታ ሲያቆም፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ 36,152 ከየት ይመጣል? ሽያጭዎ ወቅት እየጠበቀ የሚመጣ ከሆነ ሙሉውን ወደ ጊዜ ብድር መቀየር ራስን ማነቅ ነው። ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው ዕዳውን ለሁለት መከፋፈል ነው፤ የተጣበቀውን ክፍል ወደ ጊዜ ብድር፣ የሚንቀሳቀሰውን በኦቨርድራፍት።

ዱቤ ነፃ የሚመስለው

ብዙ ነጋዴ «እኔ ከባንክ አልበደርም፣ ከአከፋፋዬ በዱቤ ነው የምወስደው» ሲል እሰማለሁ። መርካቶ ላይ ግን የካሽ ዋጋና የዱቤ ዋጋ አንድ አይደለም። ካሽ 100,000 የሚሸጠው ዕቃ በ30 ቀን ዱቤ 103,000 ከሆነ፣ ለአንድ ወር 3,000 ብር ወለድ ከፍለዋል፤ በዓመት ሲታሰብ 36 በመቶ። ያንን 100,000 ለ30 ቀን ከኦቨርድራፍት ቢያወጡት 1,479 ብር ነው። በግማሹ ማለት ነው። ኦቨርድራፍት ያለው ሰው በካሽ ዋጋ ተከራክሮ መግዛት ሲችል በዱቤ ዋጋ መግዛቱ አይገባኝም። የዋጋ ልዩነት ሳይጨምር በዱቤ የሚሰጥ አከፋፋይ ካለዎት ግን ይያዙት፤ ከእሱ የሚረክስ ብድር የለም።

ለዱቤው ዋስትና ብለው የሚሰጡት የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ሌላ ጣጣ ነው። ቼክ በታየ ጊዜ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ቀኑ ገና ነው ማለት አያድንም። ሂሳብዎ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ መስጠት ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል። የባንክ ክፍያ ሽሽት ተጀምሮ ፖሊስ ጣቢያ የሚያበቃ ታሪክ እዚህ ከተማ ውስጥ ብዙ ነው።

ዕቁብ

ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ግን ዋጋ አለው። ሃያ ሰው በሳምንት 10,000 የሚጥሉበት የ200,000 ብር ዕቁብ እንውሰድ። ዕጣው መጀመሪያ ለወጣለት ሰው ያለ ወለድ የተገኘ ብድር ነው። መጨረሻ ላይ ለሚወጣለት ደግሞ ያለ ወለድ ማስቀመጥ ነው። መዋጮውን ከኦቨርድራፍት እያወጡ የሚጥሉ ከሆነና ዕጣው መጨረሻ ላይ ቢደርስዎት፣ ለዚያ ገንዘብ ለባንኩ የከፈሉት ወለድ ወደ 6,600 ብር ይጠጋል። ዜሮ ለሚወልድ ቁጠባ በ18 በመቶ መበደር! ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ሞልተዋል፣ ምክንያቱም መዋጮውና ወለዱ ተገናኝተው አያውቁም፤ አንዱ የቅዳሜ ወግ ነው፣ ሌላው የባንክ ወረቀት።

ዕጣ መግዛትስ? ከባለዕጣው ላይ 10 ሳምንት ቀድመው 200,000ውን ለማግኘት ቢፈልጉ፣ ያንኑ ገንዘብ ለ10 ሳምንት ከኦቨርድራፍት ማውጣት 6,923 ብር ያስወጣዎታል። ባለዕጣው ከዚያ በላይ ከጠየቀ ባንኩ ይረክሳል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ዕጣውን ይግዙ። ኦቨርድራፍት ለሌለው ሰው ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ ለእሱ ዕቁቡ የሚነጻጸረው ከአራጣ ጋር ነው። አራጣ ደግሞ በአንቀጽ 712 ወንጀል ከመሆኑም ሌላ፣ ለባንክ የሚከፈል ወለድ በደረሰኝና በስቴትመንት ወጪ ሆኖ ከግብር ሲቀነስ፣ አራጣውን ገቢዎች ፊት ይዘው አይቀርቡም።

ስልክ ላይ ያለው ብድር፣ ማይክሮፋይናንስ፣ ከወለድ ነፃ

የስልክ ብድር በሀገራችን ወጣት ነው። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉትን የብድር አገልግሎቶች ያመጣው በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ምቹ» በተባለው አገልግሎቱ ያለ መያዣ ለትንሽ ነጋዴ ያበድራል። ክፍያው በአብዛኛው በወር ሲታይ ትንሽ፣ በዓመት ሲሰላ ትልቅ ነው። ለ30 ቀን 4 በመቶ የሚያስከፍል ቢሆን በዓመት 48 በመቶ ነው፤ ክፍያው ከፊት ከተቆረጠ ደግሞ 50,000 ጠይቀው 48,000 ነው የሚደርስዎት።

ሆኖም አትቸኩሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ወር፣ 50,000 ብር የሚያስፈልገው የልብስ ሱቅ ለስልኩ ብድር 2,000 ብር ከፍሎ ይገላገላል። ለዚያች አንድ ወር ብሎ ኦቨርድራፍት ቢያስከፍት 20,000ው ቋሚ ወጪ ይጠብቀዋል፤ ቤቱም ይታሰራል። እዚህ ላይ «ውዱ» ብድር ርካሹ ነው። በየወሩ ከስልክ የሚበደር ሰው ግን ሂሳቡ ይገለበጥበታል።

ስለ ማይክሮፋይናንስ ብዙ አልልም። አንዳንዶቹ፣ እንደ አማራው ጸደይ፣ ባንክ ሆነዋል፤ የቀሩትም በቡድን ዋስትና ማበደራቸው መያዣ ለሌለው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ክፍያው የተቆረጠ የጊዜ ብድር ስለሆነ ከላይ ስለ ጊዜ ብድር ያልኩት ይሠራል። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ነው የሚታሰበው ወይስ በመጀመሪያው ብድር ላይ? ይህቺን ብቻ ሳይጠይቁ አይፈርሙ፤ ሁለተኛው ዓይነት ስሙ 15 በመቶ ሆኖ እውነተኛ ዋጋው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

ወለድ የማይፈልጉ ነጋዴዎች ወደ ሙራባሃ ይሄዳሉ፤ ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ በዚሁ የሚሠሩ ባንኮች ናቸው፣ ሌሎቹም መስኮት አላቸው። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ለእርስዎ ይሸጣል። ዋጋው ከመነሻው የታወቀ ስለሆነ ድንገተኛ ክፍያ የለበትም። ግን ለዕቃ እንጂ ለሠራተኛ ደመወዝና ለሱቅ ኪራይ አይሆንም፤ በቀን ገብቶ በቀን የሚወጣ ገንዘብ አይደለምና የኦቨርድራፍትን ቦታ ሙሉ በሙሉ አይተካም።

ኦቨርድራፍቱን ከያዙት፣ ክፍያው የሚቀንሰው የት ነው?

ብዙ ሰው ወለድ ለማስቀነስ ሥራ አስኪያጁ ጋር ይከራከራል። ይሞክሩ፤ ግን ተስፋ አያብዙበት። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ከገደበ በኋላ፣ ገደቡን ቆይቶ ከፍ ቢያደርገውም፣ ባንኮች የሚያበድሩት አጥሮ የሚበደራቸው አላጣም። ትልቁ ገንዘብ ያለው በእርስዎ እጅ ነው።

በቀን 40,000 የሚሸጥ ሱቅ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን ሽያጭ ሳጥን ውስጥ አቆይቶ ቅዳሜ ከሚያስገባ፣ በየቀኑ ቢያስገባ በዓመት ወደ 15,400 ብር ወለድ ይድናል። ደንበኛ በቴሌብር ወይም በሌላ ባንክ የሚከፍልዎትም እንዲሁ ነው፤ እዚያ የሚያድረው ብር እዚህ ወለድ እየበላ ነው። ሌላ ባንክ 200,000 ቁጠባ አስቀምጠው በዚህኛው ዕዳ ያለብዎት ከሆነ ደግሞ፣ ቁጠባው በ7 በመቶ፣ ታክሱ 5 በመቶ ነው ብንል፣ 13,300 ይወልዳል፣ ያው ያህል ዕዳ 36,000 ይወስዳል። ልዩነቱ 22,700 ብር በየዓመቱ ለምንም የሚሰጥ ገንዘብ ነው። «የልጆቹ ነው፣ አልነካውም» የሚለኝ ሰው አለ። ይገባኛል። ቁጥሩ ግን ይሄው ነው።

የሌላ ባንክ ቼክ ሲያስገቡ ገንዘቡ ተጣርቶ እስኪገባ ወለዱ እንደሚቆጥር አይርሱ። ወለዱ በ365 ነው የሚታሰበው በ360 ቀን? በአማካይ 350,000 ለሚጠቀም ሰው ልዩነቱ 875 ብር ነው፤ ለመጠየቅ ግን ምንም አያስከፍልም።

አሁን ወደ ጠባሳው። የአንድ ደንበኛዬ የጣሪያ ጊዜ ነሐሴ ላይ ያበቃ ነበር። የእድሳት ሰነዱን ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አስገባን። ፋይሉ ቅርንጫፉና ዋናው መሥሪያ ቤት መካከል ተቀምጦ ቀረ፤ ቀኑ አለፈ፤ ሲስተሙ ጣሪያውን ዜሮ አድርጎ 24 ቀን ሙሉ በ800,000ው ዕዳ ላይ የ3 በመቶ ቅጣት ወለድ ጨመረበት። 1,578 ብር፤ ብዙ አይደለም። የከፋው በዚያው ሳምንት የአከፋፋዩ ቼክ ተመላሽ መሆኑ ነበር። ያስገባነው ደብዳቤ ቅጂ ላይ የባንኩ የገቢ ማኅተምና ቀን ስለነበረ ከስድስት ሳምንት ደጅ ጥናት በኋላ ቅጣቱን መለሱልን። የአከፋፋዩን እምነት የመለሰልን ግን የለም።

ከዚያ ወዲህ የእድሳት ደብዳቤ ከማብቂያው ሦስት ወር ቀድሜ አስገባለሁ፤ ማኅተም የሌለው ቅጂ ይዤ ከባንክ አልወጣም። ቅሬታም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ መጀመሪያ ለባንኩ፣ መልስ ከታጣ ለብሔራዊ ባንክ ነው። ጊዜያዊ ጭማሪ ካስፈለገም ቼኩን ከመስጠት በፊት ይጠይቁ፤ ከጣሪያ አልፎ መገኘት ከማስፈቀድ ይልቅ ሁልጊዜ የበለጠ ያስከፍላል።

ስለ መያዣው አንድ ነገር ልጨምር። ባንክ የያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ የሚችለው በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው። ለ400,000 ብር ጣሪያ ሚሊዮኖች የሚያወጣ ቤት ከማሰር በፊት፣ መኪና ወይም ማሽን ይበቃ እንደሆነ ይጠይቁ፤ አዋጅ 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትን በመያዣነት ማስመዝገብ የሚያስችል መዝገብ አቋቁሟል። ባንኩ እሺ ይላል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ አሁንም ካርታ ነው የሚወዱት።

ባለሱቁ በመጨረሻ ኦቨርድራፍቱን አልዘጉም። 600,000ውን ወደ ሦስት ዓመት የጊዜ ብድር አስቀየርን፤ ወርሃዊው 21,691 ብር ነው። ጣሪያው ወደ 400,000 ወረደ። ድሮ ለዚያ 600,000 ወለድ ብቻ 9,000 ይከፍሉ ስለነበር በየወሩ ተጨማሪ 12,700 ብር ያህል ማግኘት ነበረባቸው፤ በሥራ ቀን ሲካፈል ወደ 490 ብር። «ይሄማ የሁለት ጋሎን ቀለም ትርፍ ነው» አሉና ሳቁ። ከዚያ «ቅዳሜ ቅዳሜ የማስገባውንስ?» ብለው ጠየቁኝ። አሁን የሱቁ ልጅ ማታ ማታ ከመዝጋቱ በፊት ብሩን ይዞ ባንክ ይሮጣል።